በጨው ውስጥ የተደበቀ ቤንዚን

ደብረ ማርቆስ ላይ ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ሲቸረቸር ባየሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይሉኛል። «ይህ ነገር በእኛ ጊዜ ዙፋን ነቅንቋል» ይሉኝ ነበር። መምህር ነበሩና ዘመኑን ያውቁታል።

በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ፤ የዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ፤ የድፍድፍ ዘይት ዋጋም በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ያህል ሆነ። የእኛ መንግሥት በየካቲት ወር በቤንዚን ላይ 50 በመቶ ያህል ሲጨምር የታክሲ ታሪፍን ግን ባለበት አቆመው። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት መምህራኑም በደመወዝና በትምህርት ዘርፍ ጥናት ሰበብ ማስተማር ተዉ። መንግሥት ከዋጋው ጥቂት ቢቀንስም፣ ወታደሩም አምፆ ነበርና፣ የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

ይህን ታሪክ የአዲስ አበባ ብቻ አድርገው ሲያወጉት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር ይለኛል። ያን ጊዜ ነዳጅ ከአሰብ ማጣሪያ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በደጀን ዳገት እያቃሰተ ነበር ጎጃም የሚገባው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቤንዚን ለማምጣትም ነዳጅ ይቃጠላል! በዚያው መንገድ ጨውና ጨርቅ ይመጣል፤ ጤፉ ይሄዳል። እናም መኪና ተሳፍሮ የማያውቅ ገበሬ ሲገዛም ሲሸጥም የመኪናውን ሒሳብ ይከፍላል።

የጎጃም ገበሬ መክፈል እምቢ ማለት አያውቅም እንዳይባል፣ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር ሲጣልበት በሞጣና በቢቸና ጠመንጃ አንሥቷል። ቦምብ ከአይሮፕላን ቢወርድበትም አልተንበረከከም፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጠቅላይ ግዛቱ ተነሡ። ግብር ስም አለው፤ ሰብሳቢውም በር ድረስ ይመጣል። የቤንዚን ጭማሪ ግን በአንድ ጣሳ ጨው ውስጥ ተደብቆ ይገባል። ማንን እምቢ ይሉታል?

ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ፣ ኋላም ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋና ሲከፍት፣ ይህንኑ በሰፈሬ አየሁት። አንዲት እናት ጨው ሊገዙ ቆመው «ልጄ፣ ደግሞ ጨመረ? ምን ሆኖ ነው?» ብለው ባለሱቁን ጠየቁት። ልጁ መልስ አልሰጠም። በአገጩ ወደ ደጀን መንገድ አመለከታቸው። እሳቸውም ዞር ብለው መንገዱን ጥቂት ተመለከቱና ከመቀነታቸው ብሩን ፈቱ።