ዜና ማጅስትሬት ዳኞች

በጆርጅ ዋሽንግተን የፕሬዚዳንትነት ዘመን የአሜሪካ ፌዴራል ዳኞች ጥቂት፣ አገሩ ግን ሰፊ ነበር። ዳኞቹ ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየተጓዙ ያስችሉ ስለ ነበር፣ ኮንግረስ በ1793 እ.ኤ.አ. ሕግ ደንግጎ፣ ሕግ ያወቁ አስተዋይ ሰዎች ተሹመው በወንጀል ለተያዘ ሰው ዋስ እንዲቀበሉ አዘዘ። እነዚህም ሹሞች ኋላ ኮሚሽነር ተባሉ። ደመወዝ አልነበራቸውም፤ የሚያገኙት በየሥራው የተቆረጠውን ክፍያ ነበር።

በ1850 የኮበለለ ባሪያ ለጌታው የሚመለስበት ሕግ በወጣ ጊዜ፣ ይህ ክፍያ ፍርድን አጎደፈ። ኮሚሽነሩ የተያዘውን ሰው ቢያስረክብ 10 ዶላር፣ ቢለቀው 5 ዶላር እንዲቀበል ተጻፈ። ተያዡም ስለ ራሱ እንዲመሰክር አልተፈቀደለትም። በ1854 ከቨርጂንያ ያመለጠው አንቶኒ በርንስ ቦስተን ላይ ተያዘ፤ ኮሚሽነር ኤድዋርድ ሎሪንግም ጁን 2 ቀን ለጌታው ፈረደ። በርንስ ሕዝብ ቆሞ እያየ በወታደር ታጅቦ ወደ መርከብ ተወሰደ። በዓመቱ ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ነጻ አወጡት፤ ሎሪንግም በ1858 ከማሳቹሴትስ ግዛት ዳኝነቱ ተሻረ።

የክፍያው ሥርዓት ግን ባርነት ከተሻረ በኋላም እስከ 1968 ዘለቀ። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የማጅስትሬቶችን ሕግ ፈረሙ። ኮሚሽነር ቀርቶ ማጅስትሬት ተተካ፤ ደመወዝ ተቆረጠለት፤ የአውራጃው ፍርድ ቤት ዳኞችም ለ8 ዓመት እንዲሾሙት ሆነ። በ1979 ተከራካሪዎች ከተስማሙ የፍትሐ ብሔርን ክስ ከመጀመሪያ እስከ ፍርድ እንዲያይ ተፈቀደለት፤ በ1990 ማጅስትሬት ዳኛ ተባለ።

ሥራውም እንዲህ ነው። በወንጀል ነገር ማስረጃውን መዝኖ የብርበራና የእስር ማዘዣ ይሰጣል። የተያዘው ሰው መጀመሪያ ሲቀርብ ክሱንና መብቱን ያስረዳዋል፤ ጠበቃ መቅጠር ላልቻለ ጠበቃ ያቆምለታል፤ በዋስ ይለቀቅ ወይስ ታስሮ ይቆይ የሚለውን ይወስናል። ጥቃቅን ጥፋቶችን ይዳኛል፤ እስከ 1 ዓመት እስር የሚያስቀጣውንም ወንጀል ተከሳሹ ሲስማማ ያያል።

በፍትሐ ብሔር ደግሞ የአውራጃው ዳኛ ሲመራለት በማስረጃ ልውውጥ ላይ የተነሣውን ክርክር ይቆርጣል፤ ባለጉዳዮችንም ያስማማል። ክሱን ሊዘጋ የሚችል አቤቱታ ሲሆን የውሳኔ ሐሳቡን ጽፎ ለዳኛው ያቀርባል። ቅር የተሰኘ ወገን በ14 ቀን ውስጥ መቃወሚያ ያገባል፤ ዳኛውም የተነቀፈውን ክፍል እንደ አዲስ ይመረምራል።

ሥልጣኑ ወሰን አለው። እንደ አውራጃው ዳኛ ዕድሜ ልኩን የተሾመ አይደለምና ከባድ ወንጀልን አይዳኝም፣ ቅጣቱንም አይወስንም። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጎሜዝ ጉዳይ፣ ማጅስትሬት ያለ ተከሳሹ ፈቃድ ለከባድ ወንጀል ክስ ጁሪ፣ ማለትም ፍርድ የሚሰጡ ዜጎችን፣ መምረጥ አይችልም አለ፤ በ1991 በፔሬትስ ጉዳይ ግን ተከሳሹ ከፈቀደ ይችላል ሲል ወሰነ።

እንግዲህ የማጅስትሬት ዳኛ ሥልጣን በሕጉ ትእዛዝና በተከራካሪዎች ፈቃድ ይጸናል። ለየትኛውም ወገን ቢፈርድ ደመወዙ አንድ ነው።