የኮሪደሩ ፕሪንተር

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አዲስ ሥራ ይዟል፤ ስድሳ ምናምን ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ነው። «መምህር፣ ሦስት ፕሪንተር አለን፣ ዶሜይንም አለን፣ ግን ሰዉ እስካሁን ፋይሉን በፍላሽ ይዞ እየዞረ ነው የሚያትመው። ከየት ልጀምር?» አለኝ። በአሥር ደቂቃ ነገርኩት፦ ድራይቨሩን ሰርቨሩ ላይ ጫን፣ ፕሪንተሩን ሼር አድርግ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ እንዲታይ አድርግ፣ ለየክፍሉ ግሩፕ ፍጠርና በግሩፕ ፖሊሲ አውርድላቸው። አመስግኖኝ ዘጋ።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው ዋናውን ነገር እንዳልነገርኩት የገባኝ። እሱን የተማርኩት ደግሞ ከመጽሐፍ አይደለም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት።

ክፍል ውስጥ «የቢሮ ኔትወርክ ለምን ተፈጠረ?» ብዬ ስጠይቅ የአብዛኞቻችሁ መልስ «ለኢንተርኔት» ነበር። አይደለም። ከመነሻ ምክንያቶቹ አንዱና ትልቁ ፕሪንተር ነው። ጋሪ ስታርክዌዘር የሚባል መሐንዲስ ኒውዮርክ ግዛት ዌብስተር በነበረው የዜሮክስ ላቦራቶሪ ውስጥ «በሌዘር ብርሃን ማተም ይቻላል» እያለ አለቆቹን ያስቸግር ነበር። ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1971 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ወደሚገኘው የኩባንያው አዲስ የምርምር ማዕከል ተዛወረና በዚያው ዓመት ሐሳቡን ሠርቶ አሳየ። ማሽኑ በአንድ ኢንች 500 ነጥብ እየጣለ በሰከንድ አንድ ገጽ ያወጣል። አስቡት፤ አንድ ገጽ ከ20 ሚሊዮን ነጥብ በላይ ነው። ይህን ያህል ትልቅና ውድ ማሽን በየሰው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። አንዱን ለሁሉም ማድረስ ግድ ሆነ።

በዚያው ማዕከል አልቶ የሚባሉ ኮምፒውተሮች ለየተመራማሪው ሊታደሉ ነበር። እነሱን እርስ በርስና ከዚያ ፈጣን ፕሪንተር ጋር የሚያገናኝ ገመድ እንዲሠራ ሥራው የተሰጠው ለቦብ ሜትካልፍ ነው። እሱም ሜይ 22 ቀን 1973 በጻፈው ማስታወሻ ሐሳቡን «ኢተርኔት» አለው፤ ከዴቪድ ቦግስ ጋርም ሠሩት። የመጀመሪያው ኢተርኔት ፍጥነት በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት ነበር። ዛሬ ሁላችንም የምንሰካው የኔትወርክ ገመድ ዘር ማንዘሩ እዚያ ነው።

ፕሪንተርን መጋራት ገና ከጅምሩ ግን ጣጣ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በአሜሪካው ኤምአይቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ውስጥ ፕሪንተሩ ከብዙዎቹ ተጠቃሚዎች ሌላ ፎቅ ላይ ነው የተቀመጠው። ሰው «አትም» ብሎ ያዝዛል፣ ወርዶ ሲያይ ወረቀት ነክሶ ቆሟል። ሪቻርድ ስቶልማን የድሮውን ፕሪንተር ፕሮግራም አስተካክሎ፣ ወረቀት ሲይዝ ወረፋ ለሚጠብቁት ሁሉ መልእክት እንዲደርሳቸው አድርጎ ነበር። አዲሱ የዜሮክስ ሌዘር ፕሪንተር ሲመጣ ግን የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ አብሮ አልመጣም። ኮዱ ያለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጋ ሄዶ ሲጠይቅ «ላልሰጥ ፈርሜያለሁ» ተባለ። ስቶልማን በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ሲያውጅ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይኸ እንደሆነ ራሱ ደጋግሞ ይናገራል። ሊኑክስ ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ ከምትጠቀሙበት ነገር ጀርባ አንድ ወረቀት የነከሰ የጋራ ፕሪንተር አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለውን ቶሎ ልለፈው። አፕል በ1985 ሌዘርራይተርን በ6,995 ዶላር ሲያወጣ፣ ያ ዋጋ ትርጉም የሚኖረው ብዙ ሰው ሲጋራው ብቻ ስለሆነ ከመነሻው በኔትወርክ እንዲሠራ አድርጎ አወጣው። የኖቬል ኔትዌር ቢሮውን ያዘ፤ ኮምፒውተሩ በገመድ የተሰካበት ፕሪንተር ላይ ያተመ ይመስለዋል፣ ሥራው ግን መንገድ ላይ ተጠልፎ ሰርቨሩ ወረፋ ውስጥ ይገባል። በ1993 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤንቲን ከነዶሜይኑ ይዞ መጣ። በ2000 ደግሞ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ተጨመረና ፕሪንተሩ ልክ እንደ ሠራተኛው በማውጫ ተመዘገበ፦ ስም አለው፣ ቦታ አለው፣ ማን እንዲጠቀምበት እንደተፈቀደ ተጽፎለታል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ስቀጠር በፎቁ ላይ የነበረው ጥሩ ፕሪንተር አንድ ብቻ ነው። የተቀመጠውም በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። ከታይፕራይተር ዘመን የመጡ፣ የደብዳቤ አጻጻፍ ከማንም ኃላፊ የተሻለ የሚያውቁ ሰው። ባለሙያው ሁሉ ፍሎፒውን ይዞ እሳቸው በር ላይ ይሰለፋል። እሳቸውም ከማተማቸው በፊት ያነቡታል፤ «ይሄ ግልባጭ የሚለው ለማን ነው? ቁጥር የለውም እኮ» ብለው ይመልሱታል። አንዳንዱ ይናደድ ነበር። ስንት ስሕተት ከዚያ በር እንደተመለሰ ግን ያኔ የቆጠረ የለም።

ሌላም ችግር ነበር፤ የዛሬ ልጆች አታውቁትም። ያኔ አማርኛ የምንጽፍበት ሶፍትዌር ሁሉ የየራሱ የፊደል አቀማመጥ ነበረው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ቢያስገባም እኛ ቢሮ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ኒያላ ፎንት ራሱ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው የመጣው። ስለዚህ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የጻፍከውን ደብዳቤ በፍሎፒ ወስደህ እትዬ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው፣ ፎንቱ ከሌለ «ክቡር ሆይ» የሚለው ቦታ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ተዘርግፎ ታገኘዋለህ። ሰዉ በዚህ ምክንያት እዚያው ቆሞ ደብዳቤውን እንደገና ያስተይባል።

ኔትወርክ ፕሪንተርን የወደድኩት መጀመሪያ በዚህ ነው። ፕሪንተሩ ሼር ከሆነ ፋይሉ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ከራስህ ኮምፒውተር፣ ፎንቱ ካለበት ታትማለህ፣ የፊደሉ ቅርጽ ከሥራው ጋር አብሮ ይሄዳል። ከፍሎፒ ወደ ፍሎፒ የሚዞረው ቫይረስም ይቀራል። ለኃላፊዎቹ ያስረዳሁት እንዲህ ብዬ ነው፤ ሁሉም እውነት ነበር።

ሰርቨር 2003 ተገዛ፣ ዶሜይኑን አቆምኩ። ፕሪንተሩን ከእትዬ ጠረጴዛ ላይ አንስቼ አይፒ አድራሻ ሰጠሁትና ኮሪደሩ መሀል፣ ሁሉም የሚያልፍበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ስነቅለው እሳቸው ከሥሩ የነበረውን ዳንቴል አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ምንም አላሉም። እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፣ ሥልጣኔ ይዤ የመጣሁ መስሎኛል፤ ልብ አላልኩትም።

ከዚያ ስክሪፕት ጻፍኩ። ሠራተኛው ጠዋት ፓስዎርዱን አስገብቶ ሲገባ ፕሪንተሩ በራሱ ይገናኝለታል፣ እንዲሁም ዋና ፕሪንተሩ ሆኖ ይቀመጥለታል። ዊንዶውስ ፕሪንተር ሼር ስታደርግ ካልከለከልክ በስተቀር «ኤቭሪዋን» ለሚለው፣ ማለትም ለሁሉም፣ የማተም ፈቃድ ይሰጣል። እኔም አልነካሁትም። ሁሉም ያትማል፣ እሰየው! ወረፋ ጠፋ። ሰዉ መረቀኝ።

2001 ዓ.ም. ነው። ቢፒአር በየመሥሪያ ቤቱ የሚወራበት፣ አዲስ መዋቅር የሚሠራበት ጊዜ። ማን የት ይደለደላል፣ ማን ይተርፋል ብሎ ሰው ሁሉ እንቅልፍ አጥቷል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰው ኃይል ኃላፊው ደወሉልኝ። «ፕሪንተሬ አልሠራ አለኝ፣ ቶሎ ና» አሉ። እሳቸው ክፍላቸው ውስጥ ትንሽ የራሳቸው ፕሪንተር ነበረቻቸው። ሄድኩ። ወረቀት አላት፣ ቶነር አላት፣ ገመዷ ደህና ነው። «ስንት ጊዜ አዘዙ?» አልኳቸው። «ሦስት ጊዜ፤ እምቢ አለች።»

ገመዱን እያየሁ ተንበርክኬ ሳለ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። የራሳቸውን ደብዳቤ ሊያመጡ ኮሪደር ወጥተው ነበር። ወረቀቶቹን ፊታቸውን ወደ ታች ገልብጠው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ሦስት ኮፒ ነው፤ ሦስቱንም አምጥቻለሁ። ሌላ ሰው አላየውም» አሉ። ኃላፊው ገልበጥ አድርገው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። በአዲሱ መዋቅር ቦታ ያልተገኘላቸው ሠራተኞች ስም ዝርዝር ነበር። ረቂቅ ነው፤ ገና አልጸደቀም። እትዬም ዝርዝሩ ውስጥ አሉበት።

ሲወጡ እኔ ጋ ቆም አሉና «ልጄ፣ ይሄ ማሽን አሁን የማን ነው?» አሉኝ። አልተቆጡም። የሚመልሱለትን ሰው እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሆነው ቀላል ነው። ኃላፊው ትንሿን ፕሪንተር ዋና አድርገው በእጃቸው ያስተካክላሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት ሲገቡ የኔ ስክሪፕት ወደ ኮሪደሩ ይመልሰዋል። በየቀኑ። እኔ ራሴ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው። ያን ቀን እትዬ ባይሆኑ፣ ሌላ ሰው ወይም ሻይ ይዛ የምታልፈዋ ልጅ ብታነሳው ምን ሊሆን እንደሚችል እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

በዚያው ሳምንት መስመሩን አጠፋሁት። «ኤቭሪዋን» የሚለውን አውጥቼ በየክፍሉ ግሩፕ አስገባሁ። የሰው ኃይልና ፋይናንስ በር ያለው ክፍል ውስጥ የራሳቸው ፕሪንተር ተሰጣቸው። በኋላ የተገዛው ማሽን ደግሞ ሥራውን ይዞ ይቆይና ባለቤቱ መጥቶ የሚስጥር ቁጥሩን ሲያስገባ ብቻ ያወጣል። አንድ ነገር ግን ብዙ አድሚን ይረሳዋል፤ ወረፋውን የከፈተ ማንም ሰው የሌላውን ሰነድ ስም ያነባል። ወረቀቱ ባይወጣም «የስንብት ደብዳቤ» ከነአንተ ስም ፋይል ስሙ ላይ ከተጻፈ በቃ፣ አለቀ። ለኃላፊዎች ፋይል አሰያየም ያስተማርኩት በዚህ የተነሳ ነው፤ ሳቁብኝ።

ይህ የመተማመን ጉዳይ የእኛ ቢሮ ብቻ እንዳልሆነ ዓለም ዘግይቶ አየው። ዶሜይን ውስጥ ፕሪንተር ማጋራት ይመች የነበረው ተራው ተጠቃሚ ሲገናኝ ድራይቨሩ ከሰርቨሩ በራሱ ይወርድለት ስለነበር ነው። ይህን የሚያስፈጽመው ስፑለር የሚባለው አገልግሎት ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ ከፍተኛውን ሥልጣን ይዞ ነው የሚሠራው። የኢራንን የኒውክሌር ጣቢያ ያጠቃው በ2010 የታወቀው ስታክስኔት ከተስፋፋባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ስፑለር ነበር። በ2021 ጁን መጨረሻ ላይ ደግሞ ተመራማሪዎች የሌላ ቀዳዳ ኮድ በስሕተት ለሕዝብ ለቀቁ፤ ተራ የዶሜይን ተጠቃሚ የሆነ ሰው ሰርቨሩን መቆጣጠር የሚችልበት ነው። «ፕሪንትናይትሜር» ተባለ፣ የኅትመት ቅዠት እንደ ማለት። ማይክሮሶፍት በጁላይ ጥገና አወጣ፤ ኦገስት 10 ላይ ደግሞ ድራይቨር ለመጫን የአድሚን ፈቃድ ግድ ነው አለ።

በእኛ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስልኬ አላረፈም። «መምህር፣ ሁሉም ኮምፒውተር ፓስዎርድ ይጠይቃል፣ ማንም ማተም አልቻለም!» አንዳንዱ ጥገናውን ነቅሎ ጣለው። እንዲያ ያደረጋችሁ እዚህ ገጽ ላይ አላችሁ፣ ስም አልጠራም። ድራይቨሩን አስቀድማችሁ በየማሽኑ በአድሚን አውርዱ፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ስፑለሩን አጥፉት ያልኳችሁ ያኔ ነው፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

እትዬ በመጨረሻው ድልድል መዝገብ ቤት ደረሳቸውና ከዚያ ጡረታ ወጡ። የወጡ ቀን ዳንቴሏን ሰጡኝ። ቤቴ ፕሪንተር የለኝም፤ ራውተሩ ሥር አንጥፌያታለሁ።

ትናንት ማታ ተማሪዬን መልሼ ደወልኩለት። «ፕሪንተሮቹን ሼር አደረግክ?» ስለው «ሁለቱን ጨርሻለሁ፣ ሦስተኛውን ነገ» አለ። «ሦስተኛው የሚቀመጥበት ቦታ በር አለው?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ቆይ መምህር፣ ነገ ጠዋት ሄጄ ልየው» አለኝ።