«ፍሬቻ»፦ አንድ ቃል፣ አራት ዕቃዎች

የቴክኒክ ጽሑፍ የሚተረጉሙ ሰዎች ዘወትር የሚገጥማቸው አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም በጋራዥ አንድ ቃል ብቻውን ብዙ ዕቃዎችን ሲያመለክት መገኘቱ ነው። ለዚህ አብነት የሚሆነንን «ፍሬቻ» የተሰኘውን ቃል ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

«ፍሬቻ» እንደ «ጎማ»፣ እንደ «ካንዴላ»ና እንደ «ፍሪሲዮን» ሁሉ ከጣልያንኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን፣ በምንጩ ቋንቋ መሠረታዊ ፍቺው «ፍላጻ» ነው። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ስለምን ፍላጻ ተባለ? መልሱን ለማግኘት ከቃሉ ወደ ዕቃው መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በብዙ የአውሮፓ መኪናዎች ላይ የመታጠፊያ ምልክት የሚሰጠው በበሩ አጠገብ ባለው ምሰሶ ውስጥ የተሸሸገ አጭር ክንድ ነበር። ነጂው ማብሪያውን ሲነካ የኤሌክትሪክ ማግኔት ክንዱን ወደ ጎን ያወጣዋል፤ በውስጡ ያለው አምፖልም ይበራል፤ ብልጭ ድርግም ግን አይልም። ጣልያኖች ፍላጻ ያሉት ይህንን ክንድ ነው። በዚያን ጊዜ ብልሽትን መለየት ቀላል ነበር፤ ክንዱ በዝገት ተጣብቆ ቢቀር በዓይን ይታያልና።

እ.ኤ.አ. በ1939 የአሜሪካው ቡይክ ብልጭ ድርግም የሚለውን ምልክት ከፋብሪካው ጀምሮ በመኪናዎቹ ላይ ማቅረብ ጀመረ። ክንዱ ከጊዜ በኋላ ሲጠፋ ስሙ ወደ መብራቱ ተሻገረ። ከመብራቱም ጋር ከዓይን የተሰወረ አዲስ ዕቃ፣ ማለትም ፍላሸሩ፣ ገባ። በአሮጌው ዓይነት ፍላሸር ውስጥ ከሁለት ልዩ ልዩ ማዕድናት የተሠራ ስስ ልሳን አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሞቆ ይታጠፍና መስመሩን ይቆርጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይገናኛል። ስለሆነም አንድ አምፖል ሲቃጠል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያንሳል፤ ልሳኑም በበቂ ስለማይሞቅ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጠቋሚ ብዙውን ጊዜ በርቶ ይቀራል። በኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ግን ጠቋሚው ነጂውን ለማስጠንቀቅ ሆን ተብሎ ይፈጥናል፤ ልኩ በዓለም አቀፉ ደንብ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው። ሁለቱም ጎኖች ካልበሩ ፊውዙን፣ ማብሪያውንና ፍላሸሩን፣ አንዱ ጎን ብቻ ከፈጠነ ደግሞ የዚያን ጎን አምፖል፣ መያዣውንና ሽቦውን መመርመር ይገባል።

እንግዲህ ተርጓሚው ማብሪያውንም፣ የውጭውን መብራትም፣ ጠቋሚውንም፣ ፍላሸሩንም «ፍሬቻ» ቢላቸው ምን ይከተላል? «ፍሬቻው ከፈጠነ ፍሬቻውን ለውጥ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሠራተኛ ደኅነኛውን ፍላሸር አውጥቶ ይጥላል፤ የተቃጠለው አምፖል ባለበት ይቀራል፤ ከኋላ የሚመጣውም ነጂ የፊተኛው መኪና እንደሚታጠፍ ሳያውቅ ይደርስበታል።

በእኛ አስተያየት ሕዝብ የለመደውን ቃል አንሥቶ በቦታው አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ይልቁንም «ፍሬቻ» የወል ስም ሆኖ ይቆይ፤ ክፍሎቹ ደግሞ «የፍሬቻ ማብሪያ»፣ «የፍሬቻ መብራት»፣ «የፍሬቻ ጠቋሚ» እና «የፍሬቻ ፍላሸር» እየተባሉ ይለዩ። መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም አንድ ነገር ሊጠነቀቁ ይገባል። ዛሬ በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው አረንጓዴ ጠቋሚ የፍላጻ ቅርጽ ስላለው የቃሉ ምንጭ እርሱ ይመስላል፤ የስያሜው መነሻ ግን ከመንገድ የጠፋው ክንድ ነው።