የተሽከርካሪ የነዳጅ መስመርን ከሙቀትና ከመፋተግ መጠበቅ

በጅማና በዙሪያዋ በሚገኙት የቡና አምራች ወረዳዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የጭነት ተሽከርካሪዎች እንቅስቃሴ ይጨምራል። እሸት ቡና ከማሳ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ የሚደርሰው በተለቀመበት ዕለት መሆን ስላለበት አሽከርካሪው ይቸኩላል። በዚህ ጥድፊያ መካከል ከሞተሩ አካባቢ የሚመጣ የነዳጅ ሽታ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ከተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ የሚንጠባጠብ ነዳጅ ግን የጋለ ብረት ካገኘ መኪናውን ከነጭነቱ ለማቃጠል በቂ ነው።

የነዳጅ መስመር ከታንኩ ተነስቶ በፊልትሮና በፓምፕ አልፎ ሞተሩ ዘንድ የሚደርስ፣ የተረፈውንም ወደ ታንኩ የሚመልስ ቱቦ ነው። በሻንሲው ላይ የሚሄደው ክፍል በአብዛኛው ብረት ሲሆን፣ ሞተሩ በሚንቀጠቀጥበት መጋጠሚያ ላይ ግን ጎማ ይሆናል። ተራው የነዳጅ ጎማ የሚችለው ሙቀት ከ100 እስከ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት በሚወጣ መኪና ላይ ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ብረት ከ500 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል።

ናፍጣ በቀላሉ እንደማይቀጣጠል በብዙዎች ዘንድ ይታመናል። በቀዝቃዛ ቦታ ክብሪት ቢጫርበት አባባሉ ልክ ነው። በጋለ ብረት ላይ ሲፈስ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ናፍጣ ያለ እሳት በራሱ ለመቀጣጠል የሚያስፈልገው ሙቀት ከቤንዚን ያነሰ ነው።

በጠጠር መንገድ ላይ ግን ከሙቀቱ ይልቅ መፋተጉ ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። ከጅማ ወደ አጋሮና በደሌ የሚወስደው ዋና መንገድ አስፋልት ቢሆንም፣ በጎማ፣ በጌራና በሊሙ ወደ ቡና ማሳዎቹ የሚያስገቡት ቅርንጫፍ መንገዶች በአብዛኛው የጠጠርና የአፈር ናቸው። ቱቦውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዙት ትናንሽ መያዣዎች ለጥገና ተፈትተው ሳይመለሱ ከቀሩ፣ ቱቦው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ብረት እየተመታ ይሳሳል። በዓመት እስከ 1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚያገኘው በዚህ አካባቢ፣ በመያዣው ሥር የሚከማቸው ጭቃ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። የጎደለውን መያዣ መመለስ እጅግ ርካሽ ጥገና ነው። በሽቦ ማሰር ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሽቦው ራሱ ቱቦውን ይቆርጠዋል።

በማርሚታውና በነዳጅ ቱቦው መካከል በፋብሪካ የሚገጠመው ስስ ቆርቆሮ በጠጠር መንገድ ላይ ስለሚንኳኳ ሰልችቷቸው የሚያስነቅሉት አሽከርካሪዎች አሉ። መጠበቅ ያለበት ብሎኑ ነው እንጂ መነቀል ያለበት ቆርቆሮው አይደለም። ቆርቆሮው ሙቀቱን የሚከላከለው በእርሱና በቱቦው መካከል የአየር ክፍተት ሲኖር ስለሆነ ከቱቦው ጋር ተጣብቆ መታሰር የለበትም። ቱቦውን ለማራቅ ካልተቻለ አልሙኒየም የለበሰ የመስታወት ጭረት ሽፋን ማልበስ ይቻላል፤ ሽፋኑ ነዳጅ ከጠጣ ግን መጣል አለበት። ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ የሚያፈሰውን ቦታ መጠቅለል ደግሞ ፍሳሹን ይደብቃል እንጂ አያቆምም።

በናፍጣ መኪና ላይ የተሰነጠቀ ቱቦ ሁልጊዜ አያፈስም። ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው ክፍል ነዳጁን በመሳብ የሚሠራ ከሆነ ስንጥቁ አየር ያስገባል፤ መኪናው ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ዳገት ላይም ጉልበት ያጣል። ባለቤቱ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ብዙ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ጎማውንና ፋሸታውን ቢያስፈትሽ ይበጃል። ከፓምፑ ወደ ኢንጀክተሮቹ በሚሄዱት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ግን ሞተሩ እየሠራ ፍሳሽን በእጅ መፈለግ አደገኛ ነው፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ካርቡራተር ያላቸው የቆዩ የቤንዚን መኪኖች ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲጓዙ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ወደ አበልቲ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ተንኖ ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል። አሽከርካሪዎች በፓምፑ ላይ የሚያደርጉት እርጥብ ጨርቅ ለጊዜው ይረዳል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ቱቦውን ከሞተሩ ብረት ማራቅ ነው።

ምትክ ቱቦ ሲገዛ የውሃ ወይም የአየር ጎማ መሆን የለበትም፤ ነዳጅ ሲነካው ያብጣል። የነዳጅ ጎማ ደረጃው በላዩ ላይ የታተመ ሲሆን፣ "ኤስኤኢ 30 አር 7" የሚለው ለካርቡራተርና ለዝቅተኛ ግፊት፣ "30 አር 9" የሚለው ለኢንጀክሽን ያገለግላል። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ሲጀመር እንደታየው፣ የነዳጁ ዓይነት ሊለወጥ ስለሚችል ኢታኖልን የሚቋቋም ጎማ መምረጥ ይመረጣል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያሉት መኪኖች ከነቱቦዎቻቸው ረዘም ላለ ጊዜ ማገልገላቸው አይቀርም። ምርመራው የሚደረገው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከለቀማው ወቅት አስቀድሞ በመስከረም ቢሆን ይመረጣል። ጎማው ጎንበስ ሲደረግ ስንጥቅ ካሳየ፣ ሲጫኑት እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም ከለሰለሰ ይቀየራል። በጉዞ ላይ የነዳጅ ሽታ ከመጣ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ማጥፋትና ተሳፋሪዎችን ማውረድ ይቀድማል። እሳት ከተነሳ የሚረጨው የዱቄት ማጥፊያ ነው፤ ውሃ የሚነደውን ነዳጅ ያሰራጨዋል።