ጡቧ የተወሰደባት መናገሻ፥ ሶባ

ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፥ በምሥራቅ ዳርቻው ሶባ የምትባል ሥፍራ አለች። ዛሬ የካርቱም ቤቶች የደረሱባት የከተማ ዳርቻ ናት። በመካከለኛው ዘመን ግን ክርስቲያን የነበረው የዐልዋ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ዐልዋ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም። በ4ኛው ምዕተ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ያስቀረጸው ጽሑፍ፥ ሠራዊቱ ከዘመተባቸው ከተሞች መካከል ዐልዋን ይጠራል፤ ያቺ ከተማ ሶባ ራስዋ መሆኗ ግን ሊቃውንትን ያከራክራል።

የዐልዋ ንጉሥ የተጠመቀው በ580 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ10ኛው ምዕተ ዓመት ስለ ኑብያ የጻፈው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ፥ ሶባ ያማሩ ሕንፃዎች፥ ወርቅ የበዛባቸው አብያተ ክርስቲያናት፥ የአትክልት ቦታዎችና የእስላሞች ሰፈር እንዳሏት ይተርካል። ይህች ከተማ እንዴት እንደ ወደቀች የሱዳን ሕዝብ የሚናገረው በተረት ነው፤ ወንዶቹን እርስ በርሳቸው አጋጭታ ሶባን ያፈረሰች ዐጁባ የምትባል ሴት ናት ይላል። በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ግን ውድቀቷ ከፉንጅ መንግሥት መነሣት፥ ማለትም ከ1504 ጋር ተያይዞ ይነገራል። በ1523 በዚያ ያለፈው መንገደኛ ዳዊት ሮቤኒ ሶባን ፈርሳ፥ ሰዎችም በእንጨት ጎጆ ሲኖሩባት አገኛት።

በዚያው ዘመን አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ሳለ ከኑብያ የመጡ መልእክተኞችን አየ። የለመኑት ወርቅ ወይም ጦር አልነበረም፤ ካህናት እንዲላኩላቸው ነበር እንጂ። ብዙ ሊቃውንት መልእክተኞቹን የዐልዋ ቅሪት ሕዝብ ናቸው ይሏቸዋል። ንጉሡም እርሱ ራሱ ጳጳስ የሚያስመጣው ከእስክንድርያ ስለ ሆነ ካህን ሊሰጣቸው እንደማይችል መለሰላቸው፤ እነርሱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ለተማሪዎች ከሚነገሩት ብዙ ጦርነቶች ይልቅ ይህች አጭር ወሬ የሁለቱን አገሮች ዝምድና ታስረዳለች።

ሶባ መንደር ሆና ቀረች። ሆኖም በእሳት የተተኮሰ ቀይ ጡቧ ገና በምድሯ ተከምሮ ነበር። ግብፃውያን በ1821 ሱዳንን ከያዙ በኋላ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ካርቱም ስትቆረቆር፥ ሠሪዎቹ ጡቡን ከፍርስራሹ እየነቀሉ ወሰዱ። ቅርቡንና የተዘጋጀውን ትቶ አዲስ የሚተኩስ የለምና ድርጊቱ አያስገርምም። በዚህ የተነሣ ከ1950 ጀምሮ ሺኒ፥ ከ1981 በኋላም ሌሎች የእንግሊዝ ሊቃውንት ሲቆፍሩ፥ ብዙውን ግድግዳ ያወቁት ጡቡ ከተነቀለበት ጉድጓድ ነው። እንዲያም ሆኖ በአንድ ጉብታ ላይ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ተገኙ።

ካርቱም እየሰፋች ስትሔድ ግን ጡቡን የወሰደችው ከተማ መሬቱንም ወሰደች። በምሥራቁ ዳር ቤቶች በጉብታዎቹ መካከል ተሠሩ። በምዕራቡ ዳር ከጦርነት የሸሹ ድኾች ሶባ አራዲ በተባለው ሰፈር ተጠለሉ፤ በ2005 መንግሥት ከዚያ ሊያስነሣቸው ሲል ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ቤት የሌለው ሰው ከእግሩ በታች መናገሻ መኖሩን አስቦ አይሰፍርምና፥ ነቀፋው በእርሱ ላይ ሊወድቅ አይገባም፤ ቦታውን ለይቶ መከለል የመንግሥት ሥራ ነበር።

በ2019 የፖላንድ ሊቃውንት የቀረውን መሬት በመሣሪያ ይመረምሩ ጀመር። በኤፕሪል 2023 ጦርነት በካርቱም ተነሣ፤ ከሶባ የተገኙ ዕቃዎች የነበሩበትም ብሔራዊ ቤተ መዘክር በዚያው ጦርነት ተዘረፈ።