በሩ ሲዘጋ ያልተዘጋች ቤተ ክርስቲያን

ብዙዎቻችን “ቸርች” ስንል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሕንፃው ነው። አዳራሹ፣ ወንበሩ፣ መድረኩ፣ ድምፅ ማጉያው። “ቸርች ልሄድ ነው”፣ “ቸርቻችን እየታደሰ ነው” እንላለን። ነገር ግን ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለዚህ ሲናገር ያነሣው ሌላ ዓይነት ድንጋይ ነው፤ በክርስቶስ ላይ የሚሠሩ ሕያዋን ድንጋዮች አማኞቹ ራሳቸው እንደሆኑ ይነግረናል (1ኛ ጴጥሮስ 2፥5)። ይህ እውነት ከስብከት ርዕስነት አልፎ በአገራችን አንድ ወቅት በተግባር ተፈትኗል።

እ.ኤ.አ. በ1945 ከጦርነቱ ማግስት የሜኖናይት ክርስቲያኖች ለእርዳታ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፈቱ፤ በሐረርጌ በደደርና በበዴኖም ሠሩ። በ1951 የመጀመሪያዎቹ በጣት የሚቆጠሩ አማኞች ተጠመቁ። እነዚህ አማኞች ኅብረታቸው ስም ሲያስፈልገው የሚሲዮኑን ስም አልወሰዱም፤ “መሠረተ ክርስቶስ” አሉት። ስሙ የተቀዳው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከጻፈው ነው፦ መሠረቱ አስቀድሞ ተጥሏል፣ እርሱም ኢየሱስ ክርስቶስ ነው፣ ሌላ ሊጥል የሚችል ማንም የለም (1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11)።

በ1960ዎቹ እዚያው ናዝሬት በተማሪዎች መካከል “ሰማየ ብርሃን” የተባለ የወጣቶች እንቅስቃሴ ተነሣ። ጸሎትና የመንፈስ ቅዱስ ሥራ የሞላበት ነበር፤ ከጊዜ በኋላም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ተዋሐደ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሚሲዮናውያኑ አብዛኞቹ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1979 የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ብዙ የወንጌል አማኞች የጸሎት ቤቶች ታሸጉ።

የመሠረተ ክርስቶስ ተራ የደረሰው በጥር ወር 1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1982) ነው። የጸሎት ቤቶቿ ተዘጉ፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። በዚያን ጊዜ የአባላቷ ቁጥር 5,000 ገደማ ነበር። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ሕንፃ የለም፣ መሪ የለም፣ ገንዘብ የለም።

ያልተወረሰው ነገር ግን ቤት ለቤት ያለው ኅብረት ነበር። ምዕመናን በጥቂት በጥቂቱ ሆነው በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። ዝማሬው በሹክሹክታ ነበር። የሚመጣው ሰው አንድ ባንድ ይገባል፣ አንድ ባንድ ይወጣል፤ ጎረቤት እንዳይጠረጥር ቡናው ይፈላል። ቡድኑ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል፤ ስለዚህም ሌላ አስተማሪ ያስፈልጋል። ትናንት በአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ የነበረ ሰው ዛሬ ቃሉን ከፍቶ ያስተምራል። እኅቶችም በአገልግሎቱ ትልቁን ሸክም ከተሸከሙት መካከል ነበሩ፤ መዋቅሩ እንዳይበጠስ ያደረገው የእነርሱ መመላለስ ጭምር ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በሩ ሲከፈት አባላቱ ሲቆጠሩ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር። በዘጠኝ ዓመት ገደማ፣ ያለ አንድ አዳራሽ!

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። “ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል” ብለን በችኮላ እንዳንደመድም ታሪክ ራሱ ያስጠነቅቀናል። ጎረቤታችን ኑቢያ፣ የዛሬዋ ሱዳን፣ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የክርስቲያን ነገሥታት አገር ነበረች። በሥዕል ያሸበረቁ ካቴድራሎች ነበሯት። በ1520ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አንድ ልብ የሚነካ ነገር ጽፏል፦ ከኑቢያ የመጡ ሰዎች በአፄ ልብነ ድንግል ፊት ቀርበው ካህናት እንዲልኩላቸው ለመኑ። ንጉሡም የራሳቸው ጳጳስ እንኳ ከእስክንድርያ የሚመጣላቸው መሆኑን ነግረው ባዶ እጃቸውን መለሷቸው። ዛሬ ያ ጥንታዊ ክርስትና የሚታየው በፍርስራሽና በሙዚየም ውስጥ ባሉ ሥዕሎች ነው።

ኑቢያን ያጠፋት አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ጦርነቱም፣ የነገሥታቱ መዳከምም፣ ከሌሎች ክርስቲያኖች መነጠሏም ነበረበት። በእነዚያ መልእክተኞችም ላይ ልንፈርድ አይገባም፤ እረኛ ፍለጋ ያን ያህል መንገድ የተጓዙ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም ልመናቸው ዛሬም ይጠይቀናል። አገልጋይ ከሌላ ቦታ ካልመጣ የማይኖር ኅብረት፣ መንገዱ የተዘጋ ዕለት ምን ይሆናል?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን በጥሞና ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በኢየሩሳሌም ስደት ሲነሣ ሐዋርያት እዚያው ቀሩ፤ የተበተኑት ሌሎቹ ናቸው። እየዞሩ ቃሉን የሰበኩትም እነዚያው የተበተኑት፣ ስማቸው እንኳ በአብዛኛው ያልተጻፈልን ምዕመናን ናቸው (ቁጥር 1 እና 4)። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፣ መጋቢዎችና አስተማሪዎች የተሰጡት ሥራውን ሁሉ ለብቻቸው እንዲሠሩ ሳይሆን ቅዱሳን ለአገልግሎት እንዲዘጋጁ መሆኑን ያሳስባል (ኤፌሶን 4፥11-12)። የደርግ ዘመን ወገኖቻችን አዲስ ዘዴ አልፈለሰፉም። ወደዚህ አሮጌ እውነት ተገፍተው ገቡ እንጂ።

ዛሬ በሩ ክፍት ነው፤ ጌታ ይመስገን። አዳራሾቻችን ሰፍተዋል። ነገር ግን ቤት ለቤት የነበረው ኅብረት በብዙ ቦታ ቀዝቅዟል። ሺህ ሰው በሚሰበሰብበት አዳራሽ ውስጥ ስሙን የሚጠራው ሰው አጥቶ የሚመለስ አለ። ታሞ ሦስት እሁድ ቀርቶ “የት ጠፋህ?” የሚለው ያጣም አለ። በዚያ በጭንቅ ዘመን እንዲህ ዓይነት መጥፋት ከባድ ነበር፤ በትንሿ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሲጎድል ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያልና።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። የምንሰበሰብበት አዳራሽ ነገ ቢታሸግ፣ እሁድ ጠዋት የማንን ቤት እናንኳኳለን? የእኛንስ በር ማን ያንኳኳል? ቃሉን ከፍተን ለአምስት ሰው ማስካፈል እንችላለን? መልስ ካጣን እንድናፍር አይደለም፤ በዚህ ሳምንት እንድንጀምር ነው። አንድ ጎረቤት፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ ጀበና ቡና ይበቃል።

እስካሁን ጌታን ሳታውቅ ይህን የምታነብ ወዳጄ፣ አንተም ተጋብዘሃል። የምንጋብዝህ ወደ ሕንፃ አይደለም፤ መሠረቱ ኢየሱስ ወደሆነ ቤተሰብ ነው።

ጌታ ይባርካችሁ።