ሳንሱርና ትርፍ በኢቴሪየም፣ 2022

ስለ ብሎክቼይን «ማንም ሊያግደው አይችልም» የሚባለውን አባባል እኔ የምመለከተው እንደ ታሪክ ጥያቄ ነው። ለማገድ የሞከረ ነበር፤ ምን ገጠመው? የምጠቅሳቸው ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ግምጃ ቤት ኦገስት 8 ቀን 2022 ቶርኔዶ ካሽን በማዕቀብ ዝርዝሩ ላይ አሰፈረ። ቶርኔዶ ካሽ የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አደባልቆ ምንጩን የሚሰውር፣ በኢቴሪየም ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ከአምስት ሳምንታት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 15፣ ኢቴሪየም ማይነሮችን አሰናብቶ መዝገቡን ለእያንዳንዱ 32 ኤተር መያዣ ላስያዙ አረጋጋጮች አስረከበ።

አረጋጋጭ ተራው ሲደርስ ብሎክ የማቅረብ መብት አለው። ግብይቶችን መርጦና ቅደም ተከተላቸውን አስተካክሎ ይበልጥ ማትረፍ ግን ልዩ ሙያ ይጠይቃል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሥራውን ለብሎክ ገንቢዎች ትተው፣ አቀባይ በሚባሉ አገናኞች በኩል ከፍተኛውን ጨረታ መቀበል ጀመሩ። ትልቁ አቀባይ የፍላሽቦትስ ነበር፤ እርሱም በማዕቀቡ የተጠቀሱትን አድራሻዎች ያጣራ ነበር። በኖቬምበር በሚያጣሩ አቀባዮች በኩል ያለፉት ብሎኮች ከጠቅላላው ከሦስት አራተኛ በላይ የሆኑባቸው ቀናት ነበሩ። እኔ እስከሚገባኝ፣ ከአረጋጋጮቹ አብዛኞቹ ስለ ማዕቀቡ ብዙም አልተጨነቁም፤ የተሻለ የከፈላቸውን ተከተሉ እንጂ።

ታዲያ ግብይቶቹ ታገዱ? ስሌቱን አብረን እንሥራ። አንድ ብሎክ በየ12 ሰከንዱ ይወጣል። ከአራት ብሎኮች ሦስቱ ቢያጣሩ፣ የተገለለው ግብይት በአማካይ አራት ብሎኮችን፣ ማለትም 48 ሰከንድ ይጠብቃል። ከመቶ ዘጠናው ቢያጣሩ እንኳ ሁለት ደቂቃ ነው። ክፍያውን የማይንቅ አንድ አረጋጋጭ ተራው ሲደርስ ያስገባዋል።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ነበር። ግብይትን ከራስ ብሎክ መተው አንድ ነገር ነው፤ ግብይቱን የያዘውን የሌላ ሰው ብሎክ አልቀበልም ማለት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ከብዙኃኑ ተለይቶ ድምፅ የሚሰጥ አረጋጋጭ ምንዳውን ስለሚያጣ፣ ብቻውን የሚጀምር ይከስራል። ብዙኃኑ አስቀድመው ቢስማሙ ግን ይኸው ምንዳ ፊቱን ያዞራል፤ ያን ጊዜ የሚቀጣው የማያጣራው ነው፣ መዘግየቱም እገዳ ይሆናል። መያዣው በጥቂት ትልልቅ አስቀማጮች እጅ ሲከማች የምሰጋው ለዚህ ነው።

የማያጣሩ አቀባዮች ተወዳዳሪ ጨረታ ማቅረብ ሲጀምሩ፣ በ2023 የመጀመሪያ ወራት የሚያጣሩት አቀባዮች ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። ማዕቀቡ ግን የተነሣው በማርች 2025 ነው።